ወዳጅ ለወዳጅ ያስተላለፈው መሣሪያ የት ይደርሳል?

ክቡር አዘጋጅ፣

አጋር አገሮች እርስ በርስ በሚያደርጉት የጦር መሣሪያ ንግድ ላይ የነበረውን ቁጥጥር እያላሉ ስለ መምጣታቸው ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ነገሩን «የኃያላኑ የቤት ውስጥ ጉዳይ» ብለው አልፈውታል። እኔ ደግሞ እዚህ ጣና ዳር ተቀምጬ ጉዳዩ ይመለከተኛል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

አውከስ የተባለውን የሦስት አገሮች የመከላከያ ጥምረት ነገር ጸሐፊው በደንብ አስቀምጠውታል። አሜሪካ፣ ብሪታኒያና አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2021 ጥምረቱን ካወጁ በኋላ አሜሪካ በ2024 የመሣሪያ ወጪ ንግድ ደንቧን አሻሽላ፣ በርካታ የመከላከያ ዕቃዎችና ቴክኒካዊ መረጃዎች በሦስቱ መካከል ያለ ተናጠል ፈቃድ እንዲዘዋወሩ አደረገች። እውነት ለመናገር በዚህ ብዙም አልተከፋሁም። ተጠቃሚ የሚሆኑት አስቀድመው ተጣርተው የተመዘገቡ ድርጅቶች ብቻ ናቸው፤ ጨርሶ የማይነኩ ቴክኖሎጂዎች ዝርዝር አለ፤ ዕቃው ከሦስቱ አገሮች ሊወጣ ሲል ፈቃድ መጠየቁ አልቀረም። የሚያሳስበኝ ይኸኛው የመጨረሻው በር ነው። ጸሐፊው አንድ መስመር እንኳ አልሰጡትም።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በንብረት ክፍል ነው። ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ አደርጋለሁ፣ በሞዴል 22 ወጪ አደርጋለሁ፤ ሥራዬ ይኸው ነበር። አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤታችን የጀልባ ሞተር ለሌላ መሥሪያ ቤት በትውስት እንዲሰጥ ታዘዘ። ተረካቢው እህት መሥሪያ ቤት ስለሆነ ወረቀት አታብዙ ተባልን። እህት መሥሪያ ቤቱ ለአንድ ፕሮጀክት አዋሰው፤ ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ከወራት በኋላ ሞተሩ ወደ ዘጌ ጎብኚ የሚያመላልስ የግል ጀልባ ላይ ተገጥሞ ተገኘ። መለያ ቁጥሩ ተፍቋል፣ ሽፋኑ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ከእጀታው ሥር የነበረውን ስንጥቅ ግን ቀለሙ አልሸፈነውም። በመካከል ያለፈበት እጅ ሁሉ የወዳጅ እጅ ነበር። ኦዲተር ሲመጣ ግን የሚያሳየው ወረቀት የነበረው አንድም ሰው አልተገኘም።

በመሣሪያም ዓለም የሚሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጀርመን ከሳዑዲው ጋዜጠኛ ከጀማል ኻሾግጂ ግድያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሳዑዲ ዓረቢያ መሣሪያ መሸጥ ስታቆም፣ የጀርመን ክፍል ያለበትን መሣሪያ የሚሠሩት ፈረንሳይና ብሪታኒያ ገበያችን ታገደብን ብለው አጉረመረሙ። በተከታዩ ዓመት ጀርመንና ፈረንሳይ ተስማሙ፦ የአንዱ አገር ክፍል ከጠቅላላው ዋጋ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ፣ ከተለዩ ጥቂት ዕቃዎች በስተቀር፣ ሌላው ለማን እንደሚሸጥ ጣልቃ አይገባም። ሃያ በመቶ ለነጋዴ ትንሽ ነው። ነገር ግን ሚሳይሉን ዒላማው ላይ የሚያደርሰው መሣሪያ ከዋጋው ስንት እጅ ይሆን?

የካናዳን ታሪክ ደግሞ እዩት። ባይራክታር ቲቢ2 የተባለው የቱርክ ድሮን ዒላማ የሚያይበት ካሜራ ካናዳ ውስጥ የሚሠራ ነበር። ቱርክ የኔቶ አባል ናት፤ ዕቃውን የትና እንዴት እንደምትጠቀምበት ቃል ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ያው ካሜራ አዘርባጃንና አርሜኒያ በተዋጉበት በናጎርኖ ካራባክ ጦርነት፣ በአዘርባጃን በኩል ታየ። ካናዳ መርምራ ቃሉ አልተጠበቀም አለችና በ2021 29 ፈቃዶችን ሰረዘች። የድሮኑ ሞተርስ? ለትንንሽ የስፖርት አውሮፕላን ተብሎ የሚሠራ የኦስትሪያ ሮታክስ ነበር። ሲጀመር በመሣሪያነት ያልታሰበ ዕቃ ነው፤ ፋብሪካው ራሱ ጉዳዩን ሲሰማ ነው ሽያጩን ያገደው። የካናዳ እገዳም ቢሆን በ2024 መላላት ጀምሯል፤ ሰበቡ ስዊድን ኔቶ ውስጥ እንድትገባ ቱርክ መፍቀዷ ነው። በካራባክ የሞተ ሰው በዚህ ድርድር ውስጥ ስሙ አልተነሣም።

ቱርክ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአገራችን ጋርም ወታደራዊ የትብብር ስምምነት ተፈራርማለች። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በበኩሉ በ2023 በአማራ ክልል በድሮን ጥቃት ሰዎች መሞታቸውን የሚገልጽ መግለጫ አውጥቷል። ሁለቱን አያይዤ ፍርድ አልሰጥም፤ እሱ የመርማሪ ሥራ ነው። የምለው፣ ባሕር ዳር ውስጥ የሰዓት እላፊ እየጠበቀ ሲገባ ለኖረ ሰው «ይህ ዕቃ እዚህ እንዴት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ የሌላ ሰው ጉዳይ ሊሆን አይችልም ነው።

ቁጥጥር ሲባል ጆሮዬን የሚያቆመው ነገር እንዳለም አልደብቅም። እ.ኤ.አ. በ1935 ኢጣሊያ ስትዘምትብን ብሪታኒያና ፈረንሳይ «ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም» ብለው ነበር። ኢጣሊያ የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ ግን የምንገዛው ከውጭ ነበር። ዕገዳው በእኛ በኩል የተነሣው ወረራው ከተጀመረ በኋላ ነው፤ አባቶቻችንም በጎራዴ ታንክ ገጠሙ። ከዚያም በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ እርዳታ ጠይቀው ለብሪታኒያ የጻፉት ደብዳቤ ለዓመታት መልስ አጥቷል፤ መድፋቸውን ያስቀለጡት እዚሁ አገር፣ ከዚህ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥጥር የተባለ ሁሉ ጥሩ ነው የሚል የዋህነት የለብኝም። «አንተ ማን ነህ?» ብሎ በር የሚዘጋ ቁጥጥር ደካማውን ይጎዳል። የምደግፈው ዕቃውን እስከ መጨረሻው ተጠቃሚ ድረስ የሚከተለውን ነው። አጋሮች «በእኛ መካከልማ ወረቀት አናብዛ» ሲሉ መጀመሪያ የሚጣለው ግን ይኸኛው ነው፤ ክትትል ገንዘብና ሰው ይፈልጋል፣ ወዳጅንም ያስቀይማል።

ክቡር አዘጋጅ፣ የዜና ክፍላችሁ እገሌ ለእገሌ ድሮን ሸጠ ብሎ እንዳያቆም እለምናለሁ። ካሜራው ከየት መጣ? ሞተሩስ? ገዢው ለአምራቹ አገር ምን ቃል ሰጥቶ ነበር? የአምራቾቹ አገሮች ኤምባሲዎች አዲስ አበባ ውስጥ አሉ። በጽሑፍ ጠይቋቸው፤ መልሳቸውን አትሙልን። ዝም ካሉም ዝም ማለታቸውን ከነቀኑ አትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የንብረት ክፍል ሠራተኛ
ባሕር ዳር