ደህና ሳትሆኚ «ደህና ነኝ» አትበይኝ

እማዬ፣

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ድምፄን ስትሰሚ ያቺን ቃል ትያለሽ፣ እኔም አምኜ እዘጋለሁ። ስለዚህ በእጄ ጽፌ ወንድምሽ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልሽ ሰጠሁት። የእጅ ጽሑፌ ካስቸገረሽ እናትሽን ጠይቂያት፣ እሷ ለምዳዋለች።

ወንድምሽ ትናንት ማታ ነገረኝ። ቬትናም፣ ሐኖይ በገባሽ በሦስተኛው ቀን ሆድሽን አሞሽ፣ ውሃ እንኳ አልረጋ ብሎሽ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ወድቀሽ ሰንብተሻል። «ለአባዬ እንዳትነግረው» ብለሽው ነበር። እሱን እንዳትቆጪው፤ ፊቱን አይቼ እኔው ነኝ ያወጣጣሁት። ሆድ መታመም የመንገድ ግብር ነው፣ 26 ዓመት መሪ ስይዝ ስንቴ እንደከፈልኩት ታውቂያለሽ። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ፎቶው ነው። አልጋ ላይ ሆነሽ የለጠፍሽው፣ እዚያች በመስታወት የታሸገች ጠረጴዛ ፊት ቆመሽ የምትስቂበት። እኔ ደግሞ ለእናትሽ አሳይቼ «አየሻት፣ ተመችቷታል» አልኳት። ትናንት ወንድምሽ ከነገረኝ በኋላ በጣቴ አስፍቼ አየሁት። ከንፈርሽ ደርቋል። ግራ እጅሽ ሆድሽን ይዟል። መጀመሪያ ሳየው ሳቅሽን ብቻ ነበር ያየሁት።

ደህና ሳትሆኚ ደህና ነኝ አትበይኝ።

አሁን ይህን አድርጊ። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሪ፣ ማንኪያው ሳይቆለል። በጥብጠሽ ቶሎ ቶሎ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እያልሽ ጠጪው። ፋርማሲ ኦ.አር.ኤስ.፣ ያን በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ዱቄት፣ ካገኘሽ እሱ ይሻላል። ደም ካየሽ ወይም ትኩሳት ከያዘሽ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ሂጂ እንጂ የተቅማጥ ማስቆሚያ ክኒን ገዝተሽ አትዋጪ። በረዶ ያለበት መጠጥ ይቅርብሽ። ዓይንሽ እያየ ከእሳት የወረደውን፣ ገና እንፋሎቱ ያልጠፋውን ብዪ። የፓስፖርትሽን ፎቶ ለወንድምሽ ላኪለት፣ ያረፍሽበትን ቦታ ስምና ስልክም እንደዚሁ። ዛሬውኑ።

ጠረጴዛዋን አውቃታለሁ። አንቺ ነሽ ያሳየሽኝ። እንደ ፈረንጆቹ በ2016 ግንቦት ላይ ኦባማና ያ ምግብ እየቀመሰ ዓለምን የሚዞርበትን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ያቀርብ የነበረው አሜሪካዊ፣ አንቶኒ ቦርዴን፣ ሐኖይ ውስጥ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገብተው ቡን ቻ የሚባለውን የአገሩን ምግብ የበሉባት ናት። ምስሉን አቁመሽ «አባዬ፣ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ፕላስቲክ በርጩማ ላይ!» ብለሽ ጮኸሽ ነበር። ቢራቸውን ከነጠርሙሱ ይዘው፣ ከሰል ላይ የተጠበሰውን ሥጋና የሩዝ ኑድሉን እየነከሩ ሲበሉ፣ ሒሳቡ 6 ዶላር መጣና ከፋዩ ቦርዴን ሆነ። ባለቤቶቹ በኋላ ጠረጴዛዋን ከነሳህኗና ከነጠርሙሷ በመስታወት ሸፈኗት። ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሣባታል፣ የሚበላባት ግን የለም። አንቺም ሳትበዪ ቆመሽባታል ማለት ነው፣ እየታመምሽ።

ቦርዴንን መውደድሽን ሲስቁብሽ አብሬ የሳቅሁበት ጊዜ አለ። አክስትሽ «ሲበላ የሚታይ ሰው ምን ይደረግለታል?» ስትል ዝም ብዬ አሳለፍኳት። እውነቱን ልንገርሽ፣ እቀናበት ነበር። እኔ በወር አምስት ሌሊት ቤቴ ባድር ነው። አንቺ ማታ ማታ ሳህንሽን ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ ከዚያ ረጅም ሽበታም ሰው ጋር ዓለምን ትዞሪያለሽ። እናትሽ እንደነገረችኝ፣ እሱ የመጀመሪያውን ሳይጎርስ አንቺም አትጀምሪም ነበር። ምግቡ ቀዝቅዞ ስትቆጣሽ «ቆይ፣ ገና እየተነጋገሩ ነው» ትያታለሽ። እኔ ስንት መንገድ አቋርጬ፣ ስንት ሰው ማዕድ ቀርቤ እገባና ጫማዬን አውልቄ እተኛለሁ። አንድ ቀን እንኳ «ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው አገኘሁ፣ ይህን አብልቶ ሸኘኝ» ብዬሽ አላውቅም። ያየሁትን ሁሉ ለብቻዬ በላሁት። ልጄ መንገድን ከሌላ ልጅ አባት ተማረች።

ጡረታ ስወጣ ነው አብሬሽ ማየት የጀመርኩት፣ አንቺ እየተረጎምሽልኝ። የኢትዮጵያውን ክፍል ሦስቴ አይተነዋል፣ ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን ከባለቤቱ ከማያ ጋር ሆኖ ቦርዴንን የወሰደው። በሕፃንነቱ እናቱን በሳንባ ነቀርሳ አጥቶ ስዊድን ያደገ ሰው ተመልሶ ሲመጣ፣ ቦርዴን ከጎኑ ሆኖ ማውራቱን ትቶ ያዳምጠው ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ ለምን እንደምትወጂው። አፉ ምግብ ይዞ እንኳ ጆሮው ሥራ አይፈታም።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩት ግን ነገር የተበላሸባቸውን ቀናት አለመደበቁን ነው። ወንድምሽ በፍላሽ ካመጣልሽ ከድሮዎቹ መካከል የቤይሩቱን ታስታውሻለሽ፣ እንደ ፈረንጆቹ የ2006ቱን። ምግብ ሊቀርጹ ሄደው ጦርነት ፈነዳባቸው፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሲደበደብ ከሆቴል ሆነው አዩ፣ ከቀናት በኋላም በአሜሪካ የባሕር ኃይል መርከብ ወጡ። ሌላ ቢሆን ቀረጻውን ጥሎ የሚያምር አገር ፈልጎ ይሄድ ነበር። እሱ ፍርሃቱንም፣ ምንም ማድረግ አለመቻሉንም እንዳለ አቀረበው። ሲሲሊ ላይ ደግሞ ኦክቶፐስ ሊያጠምድ ይዘውት ገብተው፣ ከጎን ካለች ጀልባ የሞተና በረዶ የበላው የባሕር እንስሳ ወደ ውሃው እየተወረወረ እሱ እንደያዘ ሊያስመስሉ አልነበር? ተናደደ፣ ልቡ ተሰበረ፣ ማታ ጠጣ፣ ያንንም ተናገረ። አንቺ ያን ቀን «አባዬ፣ ይሄ ነው እኮ ፕሮግራሙ!» ብለሽኛል። ታዲያ አንቺ እንዴት በጥርስሽ ብቻ ፎቶ ትልኪልኛለሽ?

የምወቅስሽ ይመስላል። ከማን እንደተማርሽው ግን አውቃለሁ።

ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። መንገድ ላይ ወባ ያዘኝና ጥግ ላይ ባለች አንዲት አልቤርጎ ገብቼ ወደቅሁ። ቤት ስደውል ስልኩን አንቺ አነሣሽው። «አባዬ፣ ድምፅህ ለምን ይንቀጠቀጣል?» አልሽኝ። ጥርሴ እርስ በርሱ እየተጋጨ «መኪናው ነው ልጄ፣ መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ እኔ ደህና ነኝ» አልኩሽ። መኪናው ከመስኮቴ ውጭ ከቆመ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ቤት ስገባ ሱሪዬ ከወገቤ አልቆም እያለ በገመድ አስሬው ነበር። እናትሽ አለቀሰች። አንቺ ገመዱን አየሽው፣ ከዚያ እኔን አየሽኝ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍሽ ወደ ጓዳ ገባሽ። ያን ቀን ቁጭ አድርጌ «ዋሽቼሽ ነበር፣ ፈርቼ ነበር» ብልሽ ኖሮ ብዬ ስንት ሌሊት አስቤያለሁ። እንደ ጀግና የተሸከምኩት መስሎኝ ላንቺ አስተማርኩት።

ሌላም አለ፣ ይህን ደግሞ ይቅርታ ሳልጠይቅሽ ብዙ ዓመት አልፏል።

የአርጀንቲናው የቦነስ አይረስ ክፍል፣ በፈረንጆቹ 2016 የወጣው፣ ሰውዬው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ለሥነ ልቦና ሐኪም የሚናገርበት። አየር ማረፊያ ውስጥ የበላው አንድ መጥፎ ሃምበርገር ለቀናት የሚዘልቅ ድብርት ውስጥ እንደሚከተው ሲናገር እኔና ወንድምሽ ሳቅን። አንቺ አልሳቅሽም። «ስለ ሃምበርገሩ አይደለም እኮ» አልሽን። ልክ ነበርሽ፣ እኛ ነን ያልሰማን።

ከዚያ በፈረንጆቹ ጁን 8፣ 2018። ካይዘርስበርግ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ለቀረጻ በሄደበት፣ ጓደኛው ሼፍ ኤሪክ ሪፔር ከመኝታ ክፍሉ ሞቶ አገኘው። ሕይወቱን በገዛ እጁ አጥፍቶ ነበር። 61 ዓመቱ፣ የ11 ዓመት ልጅ አባት። አንቺ ያን ዕለት ሶፋው ላይ ተኮራምተሽ ስታለቅሺ ገብቼ «የማታውቂው ሰው ሞተ ብለሽ ነው?» አልኩሽ። ቴሌቪዥኑንም አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ምግብሽን ይዘሽ ክፍልሽ እየገባሽ በላሽ፣ በሩን ዘግተሽ።

የማታውቂው ሰው አልነበረም። እኔ በሌለሁባቸው ሌሊቶች ሁሉ አብሮሽ እራት የበላ ሰው ነው። ይቅር በይኝ።

በሰው ልብ ገብቼ አልፈርድም፣ እሱ ላይም ቃል አልጨምርም። እኔን የሚያሳስበኝ ያንቺ ነው። የዓለም ማዕድ ሁሉ ተዘርግቶለት፣ ስንቱ ወዳጅ «ና ብላ» እያለው፣ ክፍሉን ሲዘጋ ምን እንደሚሰማው ሌላው አላየለትም። አንቺም ሆድሽን ሲያምሽ ይህን ያህል ከደበቅሽኝ፣ ልብሽ ሲከብድሽ ምን ልታደርጊ ነው? ሆድ በጨውና በስኳር ይመለሳል። ስለዚህ ደግሜ እልሻለሁ፣ ሰልችቶሽም ቢሆን ስሚኝ፦ ደህና ሳትሆኚ ደህና ነኝ አትበይኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ደውይ። መናገር ካቃተሽ ደውለሽ ዝም በይ፣ እኔ ይገባኛል። እኔን ከከበደሽ ለወንድምሽ፣ እሱንም ከከበደሽ አጠገብሽ ላለ ሐኪም ንገሪ። እንዲህ ያለውን ለሐኪም መንገር እብደት አይደለም፤ ቦርዴንም ካሜራ ፊት ሶፋው ላይ ሲጋደም አላፈረም።

ተመለሺ አልልሽም። እናትሽ «ጥራት» ብላ ሌሊቱን ሙሉ ለመነችኝ፣ እምቢ አልኳት። ገንዘቡን ላብሽን አፍስሰሽ አጠራቅመሽዋል፣ መንገዱም ያንቺ ነው። ግን የሱን ፋና እየተከተልሽ እሱ የበላበትን በርጩማ ብቻ አትፈልጊ። የአገሩን ሰው ጠይቂ። አንድ ቦታ ላይ ሦስት አራት ቀን ደጋግመሽ ብዪ፣ ሴትዮዋ ፊትሽን እስክትለምድ። ፊትሽን የለመደች ሴት አንድ ቀን ከቀረሽ ትጠይቃለች። እኔም መንገድ ላይ የተረፍኩት በእንዲህ ዓይነት ሴቶች ነው፣ ወባ የያዘኝ ጊዜ በሩን የደበደበችው ሾርባ የምትሸጠዋ ነበረች። ይህንንም አልነገርኩሽም ነበር።

ቦርዴን በፈረንጆቹ 2014 ፒቦዲ የሚባለውን የአሜሪካ የብሮድካስት ሽልማት ሲቀበል የተናገረውን አንቺ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፈሽው ነበር፣ እናትሽ እስካሁን አላነሣችውም። የትም ሄደው የሚጠይቁት ቀላል ጥያቄ ነው፣ ምን ያስደስትሃል፣ ምን ትበላለህ፣ ምን ማብሰል ትወዳለህ፣ የሚያገኙት መልስ ግን ያስደንቃል ብሎ ነበር። ዛሬ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ሄጄ ፍሪጁ ፊት ቆሜ አነበብኩት። እኔ ሁሌም «በላሽ?» ብዬ ብቻ ነው የምጠይቅሽ። ምን ያስደስትሻል ብዬሽ አላውቅም። 24 ዓመት ሙሉ።

እሑድ ማታ ደውይልኝ፣ በምስል። ያንቺ እራት ለኔ ገና ከሰዓት ነው፣ ምንም አይደለም። ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፈሽ ሳህንሽ እንዲታየኝ አድርጊ፣ ፊትሽም። ያን ጥያቄ እጠይቅሻለሁ፣ አስበሽ ቆዪኝ። እኔም ያየሁትን መንገድ አወራሻለሁ፣ ከወባዋ ሴት እጀምራለሁ። ሳህኔን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እጠብቅሻለሁ፣ አንቺ ሳትጎርሺ አልጀምርም።

አባትሽ

ጨዉን እንዳታበዢው። ግማሽ ማንኪያ ነው ያልኩት።