ዳገቱ ላይ ላለችው ትምህርት ቤታችን፦ እንደገና የድጋፍ ጥሪ

በድሬዳዋም፣ በሐረርም፣ በውጭም ያላችሁ የመንደራችን ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። አሁንም እኛው ነን። «ደግሞ መጡ!» እንደምትሉ እናውቃለን። እኛም ደክሞናል።

በሰኔ መጨረሻ ንፋስ ቀላቅሎ የጣለው ዝናብ የሦስት ክፍል ጣሪያ ገንጥሎ ወሰደ። ሌሊት ስለነበር ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን። ቆርቆሮው ማሽላው ውስጥ ተበታትኖ ነው የተገኘው። አንዳንዱ እንደ እንጀራ ተጠቅልሏል። ከ150ው ተመልሶ የሚመታው 62ቱ ብቻ ነው።

«ባለፈው ለትምህርት ቤቱ ያዋጣነው ያ ሁሉ ብር የት ገባ?» የሚሉ አሉ። አራት ክፍልና ሁለት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ገባ። ደንገጎን በሚወጣ አይሱዙ ኪራይም ገባ፤ ሲሚንቶ በእግሩ ዳገት አይወጣም። ደረሰኙ በሙሉ አለ፣ መጥታችሁ እዩት። አንድ ነገር ግን አጥፍተናል። ብር እንቆጥባለን ብለን የጣሪያውን እንጨት ባሕር ዛፍ አደረግነው። ምስጥ ጨረሰው። ከወደቀው አንዱን አንስተን ጫፉን በጣት ስንጫነው እንደ በሶ ዱቄት ረገፈ። አሁን የምናስገባው ብረት ነው።

ድሬን ባቡር በ1895 ቆረቆራት፤ የሞላናት ግን እኛ፣ ከየዳገቱ የወረድነው ነን። ሙቀቱ ሲብስብን ሽርጥ ታጥቀን፣ ሆጃ ፉት እያልን የደንገጎን ብርድ የማናነሳ ማን አለ? ልጅ ሆነን ጥንቅሽ ከማን ማሳ እንደሰረቅን እንኳ አልረሳንም። አቦ፣ መስከረም ላይ ሜዳ ላይ ተቀምጠው የሚማሩት የዚያ ባለማሳ የልጅ ልጆች ናቸው! በ1998 የደቻቱ ጎርፍ ቤታችንን ሲጠርገው ደግሞ ያቺ መንደር ማሽላ በጆንያ ልካልናለች። «መልሱ» ያለን የለም።

ክርስቲያኑ ምጽዋት፣ ሙስሊሙ ሰደቃ ይበለው፤ የሚገዛው ቆርቆሮ ያው ነው። በእድር፣ በአፎቻ ያላችሁ በስብሰባ አንሱልን። ብር ያጠረው ቅዳሜ ለደቦ ይውጣ። ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የምትወጡም መንገዳችሁ ነውና ጎራ ብላችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተው በድሮው የባንክ ሒሳብ ነው። ቁጥሩ አልተቀየረም። ባለፈው የተሰጣችሁ ደረሰኝ ጀርባ ላይ አለ። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አምስት ሳንቲም አይወጣም።

ደግመን እንናገር፦ በድሮው ሒሳብ ብቻ። በማንም ግለሰብ ስልክ በቴሌብር አትላኩ፣ «ከኮሚቴው ነኝ» ቢላችሁም። ስታስገቡ ስማችሁንና «ለጣሪያ» የሚለውን መጻፍ አትርሱ። ባለፈው ዘጠኝ ሰው ሳይጽፍ አስገብቶ፣ ማንን እንደምናመሰግን እስካሁን አላወቅንም።

ኮሚቴው፣ ድሬዳዋ