አምቡላንሱን አሳልፉት

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስታዲየም አካባቢ ለምንሠራ ሰዎች የአምቡላንስ ጩኸት እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ሰፈር ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ሊወረን ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ከዚያ ወዲህ ድርቁም ጎርፉም ጦርነቱም አላለፈውም።

የማኅበሩ ዓመታዊ ሥራ ሲዘገብ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የተከፋፈለው እህልና ብርድ ልብስ ነው። ደግ ነው። ግን አደጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚገኘው ማነው? የሰፈር ልጅ ነው። ደሞዝ የሌለው በጎ ፈቃደኛ፤ ደም እንዴት እንደሚቆም፣ የተሰበረ እግር እንዴት እንደሚታሰር የተማረ። እስቲ ስለ እሱም ጻፉልን።

ባለፈው ሳምንት ለገሃር ጋ አንድ አምቡላንስ መኪና መሀል ተቀርቅሮ አየሁ። ሹፌሮቻችን ፍንክች የለም! አንዱማ በእሱ ተከልሎ ሊያልፍ ከኋላው ተለጠፈ። ጉድ እኮ ነው። ውስጥ ያለችው ምጥ የያዛት እህቱ ብትሆንስ?

የማኅበሩ የአምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ቢሮ ውስጥ ስምንት ሰው ጠየቅሁ። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ እሱም በር ላይ ያሉት የጥበቃው አባት ናቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከስታዲየም አካባቢ