ለመምህራን ቅጥር ኃላፊዎች፦ ከመወሰናችሁ በፊት ሳስተምር እዩኝ

ለተከበራችሁ የትምህርት ቢሮ ኃላፊዎች፣ በተለይም ለመምህራን ቅጥር ክፍል፦

በመምህርነት ሰልጥኛለሁ፤ የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ኦቲዝም አለብኝ። የሥራ ልምዴም ትንሽ ነው፤ በሥልጠና ጊዜ የሠራሁት የተግባር ልምምድ አለ፣ ተማሪዎችንም አስጠንቻለሁ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ሳስተምር እዩኝ።

እስካሁን የገጠመኝ ቅጥር ሁሉ የሚያልቀው ቃለ መጠይቅ ላይ ነው። የኮሚቴው አባላት ፊት ለፊቴ ይቀመጡና "እስቲ ስለ ራስዎ ይንገሩን" ይሉኛል። ከየት ልጀምር? የት ላቁም? እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት የተጠየቅኩት ምን እንደሆነ በትክክል መረዳት አለብኝ። ስለዚህ ዝም ብዬ አስባለሁ። ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ ማሰብ ስለሚከብደኝ ደግሞ አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ። ነጥብ የማጣው እዚያ ላይ ነው። አንዴ "እንዲህ ዓይን አፋር የሆነ ሰው ክፍል እንዴት ይቆጣጠራል?" ተብያለሁ። ዓይን አፋር አይደለሁም። ክፍል ውስጥ ርዕሱን አውቀዋለሁ፣ ዕቅዱን ያወጣሁት እኔው ነኝ፣ ቀጥሎ የሚመጣውም ግልጽ ነው። እዚያ ድምፄ አይጠፋም።

ይህ የእኔ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ኦቲዝም ያለባቸውና የሌለባቸው ሰዎች ለአጭር ጊዜ ሲናገሩ ተቀረጹ። ምስላቸውን ያዩ ወይም ድምፃቸውን የሰሙ ሰዎች፣ ኦቲዝም ላለባቸው ወዲያውኑ ዝቅ ያለ ግምት ሰጡ። ንግግራቸው በጽሑፍ ብቻ ሲቀርብ ግን ልዩነቱ ጠፋ። እባካችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያሉት ነገር እንከን አልነበረበትም። ግምቱን ያወረደው አኳኋናቸውና የድምፃቸው ቃና ነው።

"መምህር ተማሪ ፊት የሚቆም ሰው ነው፤ አኳኋኑም ይታያል" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ታዲያ እዚያው ተማሪ ፊት እዩት። 20 ደቂቃ ስጡኝ፤ ርዕሱን ቀደም ብላችሁ አሳውቁኝ። የካርታ መስፈርት ይሁን ካላችሁ፣ 1 ለ50,000 በሆነ ካርታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር የሚሆነው ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ያልገባው ልጅ ሲጠይቅ ምን እንደምለው፣ ከኋላ ወሬ ሲነሳ እንዴት ወደ ትምህርቱ እንደምመልሳቸው ተመልከቱ። ሽሚት እና ሀንተር የተባሉ ተመራማሪዎች የ85 ዓመት የቅጥር ምርምርን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ጽሑፍም ይህንኑ ይደግፋል። አመልካቹን ሥራውን ራሱን አሠርቶ ማየት ወይም ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ አዘጋጅቶ መጠየቅ፣ እንደመጣ ከሚደረግ ቃለ መጠይቅ የተሻለ መመዘኛ ነው።

የሥራ ልምድ ጉዳይ ሁሉንም አዲስ ምሩቅ ያስጨንቃል። ልምድ ያለ ሥራ አይገኝም፣ ሥራውም ያለ ልምድ አይገኝም። እኔ ላይ ግን ይብሳል። ሌላው ሰው በትውውቅና በጨዋታ የሚያገኛት ጊዜያዊ ሥራ ለእኔ ቀላል አይደለችም። ነገር ግን በተግባር ልምምዴ ጊዜ አማካሪ መምህር ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠው ሲከታተሉኝ ነበር። ያዩትንም ጽፈዋል። የእሳቸው ግምገማ ፋይሌ ውስጥ አለ፤ እባካችሁ አንብቡት።

ማመልከቻው ላይ ኦቲዝም እንዳለብኝ ልጻፍ ወይስ ልተወው? ብጽፍ ሳልጠራ እንዳልቀር እሰጋለሁ። ብተወው ደግሞ ማመቻቸት መጠየቅ አልችልም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 27 በቅጥር ወቅት አድልዎን ይከለክላል፤ በሥራ ቦታ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግም ያዛል። አንቀጽ 24 ደግሞ አካል ጉዳት ያለባቸው መምህራን እንዲቀጠሩ በግልጽ ይናገራል። እኔ የምፈልገው ማመቻቸት ትንሽ ነው፤ ጥያቄዎቹ ቀድመው በጽሑፍ ይድረሱኝ፣ አንድ በአንድ ይቅረቡልኝ፣ ለማሰብ ጊዜ ይሰጠኝ። ይህን ለሁሉም አመልካች ብታደርጉት ማንም የሕክምና ምርመራ ውጤቱን ለመናገር አይገደድም።

ከተቀጠርኩ በኋላም የሚከብዱኝ ነገሮች ይኖራሉ። የክፍለ ጊዜ ድልድል በድንገት ሲቀየር እደናገጣለሁ፤ ጫጫታ ያደክመኛል። በመጀመሪያው ዓመት ሳልሸማቀቅ የምጠይቀው አንድ ነባር መምህር ቢመደብልኝ ብዙው ይቀላል። ይህ ለማንኛውም ጀማሪ የሚጠቅም ነገር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። ስለዚህ በየትምህርት ቤታችሁ እንደ እኔ ያሉ ልጆች አሉ። "አርፈህ ተቀመጥ"፣ "ወደ እኔ እይ" እየተባሉ የሚውሉ ልጆች ናቸው። ልጁ ቀና ብሎ ባያይም እየሰማ እንደሆነ የሚገባው መምህር ቢያገኙ ትምህርት ቤት ምን ያህል እንደሚቀላቸው ከራሴ አውቃለሁ። መምህር መሆን የፈለግኩትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የቅጥር ማስታወቂያችሁ ላይ ሁለት መስመር እንድትጨምሩ እጠይቃለሁ። አንደኛው "የተግባር ልምምድ እንደ ልምድ ይያዛል" ይበል። ሁለተኛው "አመልካቾች የማሳያ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ርዕሱም አስቀድሞ ይነገራቸዋል" ይበል። ማስታወቂያው በወጣ ቀን አመለክታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሥራ ፈላጊ የጂኦግራፊ መምህር