የቨርዥን 3 ድጋፍ ስለሚያበቃበት ጊዜና ስለ ቨርዥን 4 የረጅም ጊዜ ድጋፍ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በመድኃኒት ቤቶቻችሁ፣ በጅምላ መጋዘኖቻችሁና በሱቆቻችሁ የምትገለገሉበት የሽያጭና የንብረት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌራችን ቨርዥን 3 ድጋፉ ጥቅምት 30 ቀን 2019 ዓ.ም. እንደሚያበቃ፣ ቨርዥን 4 ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2021 ዓ.ም. የሚዘልቅ የረጅም ጊዜ ድጋፍ እንደሚኖረው በዚህ ደብዳቤ እናሳውቃለን። የሥራችሁ ሒሳብ በሙሉ ያረፈው በዚህ ሶፍትዌር ላይ በመሆኑ፣ እነዚህ ቀኖች እንዴት እንደተወሰኑ የማወቅ መብት አላችሁ ብለን ስለምናምን ምክንያቱን በዝርዝር ጽፈነዋል።

በቅድሚያ ግልጽ መሆን ያለበት፣ ድጋፍ አበቃ ማለት ፕሮግራሙ ይዘጋል ማለት አለመሆኑ ነው። ከተባለው ቀን በኋላም ቨርዥን 3 ይከፈታል፣ ሽያጭ ይመዘግባል፣ ሪፖርት ያወጣል። የመዘገባችሁት መረጃ የእናንተው ንብረት ስለሆነ በምንም ምክንያት አንቆልፍበትም። የሚቋረጠው የእኛ ሥራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስህተት ቢገኝ አናርምም፣ ሕግ ቢለወጥም አናስተካክልም። እስከዚያው ግን አዲስ አገልግሎት ባንጨምርበትም፣ ሒሳብ የሚያዛባ ወይም ለጥቃት የሚያጋልጥ ስህተት ሲገኝ እናርማለን፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ነባሩን አዋጅ ሲተካ እንደሆነው ሁሉ ሕግ የሚያስገድደው ለውጥ ቢመጣም ያለ ተጨማሪ ክፍያ እናስገባለን።

ቨርዥን 3 የተሠራው ፒኤችፒ 5.6 በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋና ማይኤስኪውኤል 5.7 በተባለው የመረጃ ማከማቻ (ዳታቤዝ) ላይ ነው። የፒኤችፒ 5.6 አዘጋጆች የደኅንነት ማስተካከያ ማውጣት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሲሆን፣ የማይኤስኪውኤል 5.7 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 አብቅቷል። ፕሮግራሙ ከኢንተርኔት ጋር ሳይገናኝ በአንድ ሱቅ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እስከሠራ ድረስ አደጋው ጠባብ ስለነበር ይዘነው ቆይተናል። አሁን ግን ብዙዎቻችሁ የዕለት ሽያጩን ቤታችሁ ሆናችሁ በስልክ ማየት፣ ቅርንጫፎቻችሁንም በኢንተርኔት ማገናኘት ትፈልጋላችሁ፤ ፍላጎቱ ተገቢ ነው፣ የአደጋውን ስፋት ግን ፈጽሞ ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያናወጠውና የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሥራ ያስፈታው ዋናክራይ የተባለው ጥቃት የገባበት ቀዳዳ፣ ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ማስተካከያ ያወጣለት ነበር። የተጎዱት ማስተካከያውን ያልጫኑት ናቸው። ድጋፉ ባበቃ ሶፍትዌር ላይ ደግሞ የሚጫን ማስተካከያ ራሱ አይኖርም።

«ቨርዥን 3ን እንዳለ ወደ አዲሱ ፒኤችፒ ማሸጋገር አይቻልም ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁን አላችሁ። ቨርዥን 3 ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገርባቸው ትእዛዞች ከፒኤችፒ 7.0 ጀምሮ ከቋንቋው ሙሉ በሙሉ ወጥተዋል። ስለዚህ ከደረሰኝ ማተሚያው አንሥቶ እስከ ዓመታዊ ቆጠራው ድረስ ዳታቤዙን የሚነካውን መስመር ሁሉ እንደገና መጻፍ የግድ ነበር፤ ያ ሥራ ተሠርቶ አልቋል፣ ውጤቱም ቨርዥን 4 ነው።

ብዙ ቨርዥኖችን ጎን ለጎን መደገፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማሳየት የጳጉሜንን ነገር እናንሣ። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስት ቀን ትሆናለች፤ ያለፈችው በ2015 ዓ.ም. ነበረች፣ የምትመጣው በ2019 ዓ.ም. ነች። ለዚያች አንዲት ቀን ሲባል የዕለት መዝጊያው ሪፖርት ጳጉሜን 5ን ጨርሶ ወደ መስከረም 1 እንዳይዘልል፣ የዱቤ መክፈያ ቀን እንዳይዛነፍ፣ በመድኃኒቱ ካርቶን ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር የታተመው የማብቂያ ቀንም በእኛ አቆጣጠር ሲወጣ በትክክል እንዲገጥም አንድ በአንድ እንፈትሻለን። ይህ ሁሉ በእያንዳንዱ ቨርዥን ላይ ለየብቻ የሚደገም ነው፤ በአንዱ የሠራ እርማት በሌላው ላይ ሌላ ነገር ሊያበላሽ ስለሚችል በግምት አይታለፍም። እንደ እኛ ያለ አነስተኛ ድርጅት ሦስት ቨርዥን እደግፋለሁ ቢል፣ ሦስቱንም በሚገባ ሳይፈትሽ መልቀቁ አይቀርም። በዝግጅት ላይ ያለው ቨርዥን 5 ከመውጣቱ በፊት የቨርዥን 3ን ማብቂያ የወሰንነው ለዚህ ነው። በቨርዥን 3 ለመቆየት የምታስቡ ደንበኞቻችን ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ያለ እኛ ፍተሻ የምታልፉት ቀን መሆኑን አብራችሁ እንድታስቡበት እንጠይቃለን።

የቨርዥን 4ን ቀን የወሰነው ሶፍትዌሩ የቆመበት መሠረት ነው። ቨርዥን 4 የሚሠራበት ፖስትግሬስ 16 የተባለው ዳታቤዝ ድጋፉ የሚያበቃው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2028 ሲሆን፣ የፒኤችፒ 8.4 የደኅንነት ማስተካከያም በዚያው ዓመት መጨረሻ ይቆማል። ጥቅምት 30 ቀን 2021 ዓ.ም. ከዚያው ኖቬምበር ላይ ይውላል፤ ከዚህ ያለፈ ቃል ብንገባ ከሥሩ ድጋፍ የሌለው ቃል ይሆናል። በሌላ በኩል፣ ቀኑን ቀድሞ ማሳወቅ ብቻውን እንደማይበቃ ፓይተን ከተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ታሪክ እንረዳለን። ፓይተን 3 እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ሲወጣ ከፓይተን 2 ጋር የማይጣጣም ስለነበር መሸጋገሩ ለብዙዎች ከበዳቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሊያበቃ የነበረው የፓይተን 2 ድጋፍም እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ተራዘመ። እኛ የቨርዥን 3ን መረጃ ማለትም የዕቃ ዝርዝሩን፣ የባች ቁጥሩን፣ የዱቤ መዝገቡንና ያለፉትን ዓመታት ሽያጭ ቨርዥን 4 ራሱ አንብቦ እንዲረከብ አድርገን የሠራነው፣ ማንም ካሸር ቁጭ ብሎ እንደገና እንዳይመዘግብ ብለን ነው።

የማብቂያው ቀን ጥቅምት ላይ መዋሉ የእናንተን የሥራ ዓመት ተከትሎ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ቆጠራ፣ ሒሳብ መዝጋትና የግብር ሥራ ይከተላል፤ በዚያ ጭንቅ ሰዓት ሶፍትዌር መቀየር አይገባም። ስለዚህ ሽግግሩን ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ወይም የ2018ን ሒሳብ በቨርዥን 3 ከዘጋችሁ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት እንሠራለን። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ማንንም አናሸጋግርም።

የኮምፒውተር ጉዳይ ብዙዎቻችሁን እንደሚያሳስብ እናውቃለን። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃ ሲሆን፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ በበርካታ አሮጌ ማሽኖች ላይ አይጫንም። ይሁን እንጂ ሁሉንም ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ለመለወጥ አትቸኩሉ። ቨርዥን 4 መረጃውን የሚያስቀምጠው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን፣ ካሸሮቹ የሚያስፈልጋቸው ብሮውዘር ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ መረጃው ላለበት ኮምፒውተር ቅድሚያ ስጡ፤ ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ከሆነም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ ያለውንና በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራውን ኡቡንቱ 24.04 በነፃ እንጭንላችኋለን። ዊንዶውስ 7 ያላቸው ማሽኖች ግን መቀየር አለባቸው፤ ክሮም የተባለው ብሮውዘር ለእነርሱ መውጣት ያቆመው በ109ኛው ቨርዥን ላይ ነው።

የምትሸጋገሩበትን ወር እስከ የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን። ባለሙያችን ከመምጣቱ በፊት በነበረው ምሽት የዕለቱን ሒሳብ ዘግታችሁ ባክአፕ ውሰዱ፤ ባክአፑንም ከዚያው ኮምፒውተር ውጪ፣ ሌላ ሥራ በማይሠራበት ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ባክአፑ በትክክል መከፈቱን ሳናረጋግጥ ሥራውን አንጀምርም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የደንበኞች አገልግሎት ክፍል