ቤት ለቤት ለምትሄዱ የቡድናችን ነርሶች

ውድ አባላት፣

የሞርፊን ሽሮፕ የተጀመረለት ሕመምተኛ ቤት ስትገቡ ከሰላምታ ቀጥሎ ጠርሙሱን እዩ። በሻይ ማንኪያ የሚለኩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ማንኪያው ግን ከቤት ቤት ይለያያል። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ስጡ፣ የታዘዘው መስመር ላይ ፕላስተር ለጥፉበት፣ አስታማሚዋ እናንተ ፊት በውኃ ትሞክረው። በየ4 ሰዓቱ እንጂ ሕመሙ ሲብስ ብቻ እንደማይሰጥ ደጋግማችሁ አስረዱ። ሐኪሙ የመኝታውን መጠን እጥፍ ካደረገው የሌሊቱ መቀስቀስ ይቀራል፤ አስታማሚም ሰው ናት፣ እንቅልፍ ያስፈልጋታል።

እንደ ቢሳኮዲል ያለ የሆድ ድርቀት መድኃኒት አብሮ መታዘዙን አረጋግጡ። ካልታዘዘ ቤተሰቡ «ሆዱን ዘጋበት» ብሎ ሞርፊኑን ራሱን ያቆመዋል። የመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት እንቅልፍ ሊያበዛ እንደሚችልም አስቀድማችሁ ንገሩ። ቀስቅሰውት አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ግን ቀጣዩን ሳይሰጡ ወዲያው ይደውሉ።

«እባካችሁ ሕመሟ ምን እንደሆነ ለእሷ እንዳትነግሩብን» የሚል የሕመምተኛዋ ዘመድ በር ላይ ይጠብቃችኋል። አትቆጡት፤ እንደማትነግሯትም ቃል አትግቡለት። ቁጭ ብላችሁ የሚፈራው ምን እንደሆነ ጠይቁት፣ ጨርሶ እስኪናገር አታቋርጡት። ከዚያ ሕመምተኛዋን «ስለ ሕመምዎ ምን ተነገረዎት? ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» በሏት። አንዳንዷ ሁሉን ታውቃለች፤ የምትደብቀው ለልጆቿ ብላ ነው።

ጸበል የሚጠጡ ከሆነ «መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር ውሰዱ» የሚለውን የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይበልጥ ይቀበሉታል። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አባን አነጋግሩ።

የቡድኑ አስተባባሪዎች