ያበጠ ጣፊያ ሁሉ ወባ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ባለፈው ሳምንት የጤና ዓምዳችሁ ስለ ጣፊያ ማበጥ ያወጣውን አነበብኩ። ወባ፣ ካላዛር፣ ቢልሃርዝያ ይላል። ልክ ነው። የእኔ ግን ከሦስቱም አልነበረም። እሱን ልጨምርላችሁ ብዬ ነው።

ከመተማ ጎንደር ለ14 ዓመት ሰሊጥ ያመላለስኩ የኤፍ ኤስ አር ሹፌር ነኝ። መጀመሪያ ያስቸገረኝ ምግብ ነው። ግማሽ እንጀራ ሳልጨርስ ጥግብ እላለሁ። ረዳቴ «ጋሼ፣ ጾም ያዝክ እንዴ?» እያለ ይቀልድብኛል። ላቡንም ልብ አላልኩትም። መተማ ላይ ሌሊት የማያልበው ማን አለ? አንድ ቀን ግን ጭነት ይዤ ደባርቅ አደርኩ። የደባርቅን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አጥንት ሰርስሮ ነው የሚገባው። ሌሊት ስነቃ ካናቴራዬ ቢጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። ያኔ ፈራሁ።

የሄድኩበት ክሊኒክ ስሙ ይቅር። ደሜ ላይ ወባ ሳይገኝ ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ሰጡኝ። «መተማ ነው የምሠራው» ካልኩ ጥያቄው እዚያው ያልቃል። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ብሆን የማስበው እሱን ነው። ግን ሦስት ጊዜ?

ትልቅ ሆስፒታል ስደርስ ካላዛርም የለም ተባልኩ። በአልትራሳውንድ ሲታይ ጣፊያዬ እምብርቴ ድረስ ወርዷል፣ ውስጡም እብጠት አለበት። አንገቴ፣ ብብቴና ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት የሚባል የለም። በቀዶ ጥገና ወጣ። የጤነኛ ሰው ጣፊያ 150 ግራም ገደማ ነው አሉኝ። የእኔ 1 ኪሎ ከ900 መዘነ። ፎርማሊን ባለበት ባልዲ አድርጋ ልጄ በባጃጅ ናሙና ወደሚመረመርበት ፓቶሎጂ ወሰደችው። ባለባጃጁ «ቅቤ ነው?» አላት።

ላርጅ ቢ ሴል ሊምፎማ የሚባል የነጭ የደም ሴል ካንሰር ነበር። ሊምፎማ ብዙውን ጊዜ ንፍፊት ላይ ነው የሚነሳው። ከጣፊያ ብቻ የሚነሳው ከመቶ ሁለት አይሞላም።

ዓምዳችሁ እንዲጽፈው የምፈልገው ይሄን ነው። የመጀመሪያው ወረቀት «ሊምፎማ» ብቻ ነበር የሚለው። ዓይነቱ የሚለየው ናሙናው በልዩ ማቅለሚያ እንደገና ሲታይ ነው። ሴሉ ላይ ሲዲ 20 የሚባል ፕሮቲን ከተገኘ ሪቱክሲማብ የሚባለው መድኃኒት ይሠራል፤ ከሌለ ግን ገንዘብ መጨረስ ነው። የእኔ ናሙና ሌላ ቦታ ተልኮ፣ ለብቻው ተከፍሎበት ነው የታየው። ሐኪሙ ባይወተውተኝ ኖሮ ብር የለኝም ብዬ እተወው ነበር። ሲዲ 20 ተገኘ።

ሕክምናው በየ21 ቀኑ ስድስት ዙር ነው። ሪቱክሲማቡ የመጀመሪያ ቀን ሲያንቀጠቅጠኝ ጠብታውን ቀንሰው እስከ ማታ ጨረሱልኝ። አብሮት የሚሰጠው ቀዩ የካንሰር መድኃኒት ደግሞ ሽንቴን ሲያቀላው ደም መስሎኝ ነርሷን ጮኬ ጠራሁ። ፀጉሬም ረገፈ፣ ድሮም ብዙ አልነበረኝም።

ከጨረስኩ ሁለት ዓመቴ ነው። የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባት ወስጃለሁ። ጣፊያ ለሌለው ሰው ወባ ይከፋበታል፣ ትኩሳት ከጀመረውም ቤት ማደር የለበትም። ስለዚህ የመተማውን መስመር ለረዳቴ ለቅቄለታለሁ፤ አሁን መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው። እኔ በሰው መኪና ደባርቅ እመላለሳለሁ። እዚያ ሳድር ሌሊት እነቃና ካናቴራዬን እዳብሳለሁ። ደረቅ ነው።

የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከጎንደር